የዬና ሌንሶች ስደትና በመስተዋት አልባ ካሜራ መመለሳቸው

የፎቶግራፍ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ስለ ካሜራውና ስለ ፎቶግራፍ አንሺው ነው። ሌንሱ ግን በካሜራው ስም ተጠቃሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ካሜራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አርጅቶ ሲጣል፥ ሌንስ ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው እየተዛወረ፥ አንዳንድ ጊዜም አገርና ስም እየለወጠ፥ ከሠሪው ዕድሜ በላይ የሚኖር ዕቃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው አንድ የሌንስ ቤተ ሰብ ነው፤ ይኸውም በ1930ዎቹ በጀርመን አገር በዛይስ ቤት ተቀምሮ፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወስዶ ዩፒተር የሚል ስም የወጣለት ነው። ይህ ቤተ ሰብ ለብዙ ዘመን «የሩስያ ርካሽ ቅጅ» እየተባለ ሲነቀፍ ኖሯል። እኔ ለማሳየት የምሞክረው ግን ነቀፌታው በሌንሱ ብቻ ላይ የተሰጠ ፍርድ እንዳልነበረ ነው። ሌንሱና ካሜራው አንድ ላይ ተፈርዶባቸው ነበር። ሁለቱን ለያይቶ ለመመርመር የተቻለው መስተዋት አልባው ካሜራና ጥሬ ፋይል የሚባለው የምስል መዝገብ ከመጡ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። በአማርኛችን መስተዋት የሚለው ቃል መልክ የሚታይበትንም፥ ብርሃን የሚያሳልፈውንም ያጠቃልላል። በዚህ ጽሑፍ መስተዋት ስል ብርሃን የሚያንጸባርቀውን ብቻ፥ ብርጭቆ ስል ደግሞ ሌንስ የሚሠራበትን ብርሃን አሳላፊ ነገር ማለቴ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሉድቪግ በርቴለ ነው። በርቴለ በ1900 በሙኒክ የተወለዱ ሲሆን ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ በድሬስደን ለኤርኔማን ኩባንያ ኤርኖስታር የተባለውን ብርሃን አብዝቶ የሚያስገባ ሌንስ ቀምረዋል። በ1926 ኤርኔማን ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ተዋሕዶ ዛይስ ኢኮን በሆነ ጊዜ እርሳቸውም ወደ አዲሱ ኩባንያ ተሻገሩ። ዛይስ ኢኮን በ1932 ኮንታክስ የተባለውን ካሜራ ከ1925 ጀምሮ ገበያውን ይዞ ለነበረው ለላይካ ተወዳዳሪ አድርጎ ባወጣ ጊዜ፥ የካሜራው መኩሪያ የበርቴለ ሌንስ ሶናር ነበር።

የሶናርን ጥበብ ለመረዳት በዚያ ዘመን የነበረውን ችግር ማወቅ ያስፈልጋል። ብርሃን ከአየር ወደ ብርጭቆ፥ ከብርጭቆም ወደ አየር በሚሻገርበት በእያንዳንዱ ገጽ ከመቶ አራት እጅ ያህሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ አየር የሚነካቸው ስምንት ገጾች ያሉት ሌንስ ከገባው ብርሃን ከመቶ ሰባ ሁለት እጁን ብቻ ያሳልፋል፤ ስድስት ገጽ ያለው ግን ሰባ ስምንት እጁን። ከጠፋው ብርሃን ይልቅ የሚጎዳው ደግሞ በሌንሱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲንጸባረቅ ቆይቶ በመጨረሻ በፊልሙ ላይ እንደ ጭጋግ የሚወርደው ነው፤ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። በርቴለ ይህን ለማስወገድ ብርጭቆዎቹን እርስ በርሳቸው አጣበቁ። መክፈቻው 1.5 የሆነው ሶናር ሰባት ነጠላ ሌንሶች ሲኖሩት በሦስት ቡድን የተጣበቁ ስለሆኑ አየር የሚነካቸው ገጾች ስድስት ብቻ ናቸው። በዛይስ ቤት አሌክሳንደር ስማኩላ የብርጭቆን ገጽ በስስ ሽፋን ቀብቶ ነጸብራቅን የሚቀንሰውን ዘዴ ያገኙት በ1935 ስለሆነ፥ ሶናር በተወለደበት ጊዜ ከማጣበቅ የተሻለ መድኃኒት አልነበረም።

ነገር ግን ይህ ጥበብ ዋጋ አስከፍሏል። የሶናር የኋላው ብርጭቆ ወደ ፊልሙ ተጠግቶ መቀመጥ ነበረበት። በርቴለ በ1930ዎቹ አጋማሽ ለኮንታክስ የቀመሩት ባለ 35 ሚሊሜትሩ ቢዮጎን ደግሞ ከሶናርም ይብሳል፤ የኋላው ብርጭቆ እንደ እንቁላል አብጦ ወደ ካሜራው ሆድ ጠልቆ ይገባና ፊልሙን ሊነካ ትንሽ ይቀረዋል። ይህ መጠጋት ለሰፊ ሌንስ እጅግ የሚመች ነው፤ መስመሮችን ሳያጎብጥ ስፋትን ይሰጣል። ከሌንሱ በስተኋላ ባዶ ቦታ እስካለ ድረስ ማንም የሚከሰው አልነበረም። የኋላ ታሪካቸው ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች ባዶ ቦታ ላይ ነው።

በፌብሩዋሪ 1945 ድሬስደን በቦምብ ተደበደበች። በኤፕሪል የአሜሪካ ጦር ዬናን ያዘ፤ ከተማይቱ በስምምነቱ መሠረት ለሶቪየት ጦር የምትሰጥ ስለነበረች ግን አሜሪካውያን ከመውጣታቸው በፊት ሰማንያ ያህል የዛይስ ሊቃውንትንና ሹማምንትን ከብዙ ሰነድ ጋር ወደ ምዕራብ ይዘው ሄዱ። ከእነዚህ ሰዎች በኦበርኮኸን ሁለተኛው ዛይስ ተመሠረተ። ሶቪየቶች ደግሞ ከኦክቶበር 1946 ጀምሮ በዬና የቀረውን መሣሪያ አብዛኛውን ነቅለው በባቡር አጋዙት፤ ከባለሙያዎቹም ብዙዎቹን ከነቤተ ሰባቸው ወደ ሶቪየት ኅብረት ወሰዱ። የኮንታክስ መሥሪያ መኪናዎች በኪየቭ ከተማ አርሴናል በተባለው ፋብሪካ ተተከሉ፤ ከ1947 ጀምሮም ያው ካሜራ ኪየቭ ተብሎ ይወጣ ጀመር።

ሌንሶቹ የተሠሩት መጀመሪያ በሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ ነው። ስማቸው በመጀመሪያ ትውልዳቸውን አልደበቀም፤ ዜድ ካ የሚሉት ሁለት ፊደላት «የክራስኖጎርስክ ሶናር»፥ ቤ ካ የሚሉት ደግሞ «የክራስኖጎርስክ ቢዮጎን» ማለት ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ግን ዩፒተር የሚለው ስም ወጣ። ሶናር 1.5 ዩፒተር 3፥ ሶናር 2 ዩፒተር 8፥ ባለ 85 ሚሊሜትሩ ሶናር ዩፒተር 9፥ ቢዮጎን ዩፒተር 12 ሆኑ። ከጀርመን የመጣው ብርጭቆ ሲያልቅም ስሌቱ ለሶቪየት ብርጭቆ እንዲስማማ እንደገና ተሠራ። ስለዚህ ዩፒተርን «ቅጅ» ማለት ግማሽ እውነት ነው፤ መልኩ ያው ቢሆንም ዘሩ በአዲስ አፈር የበቀለ ነው።

ለታሪክ ጸሐፊ የሚያስደስተው የሶቪየት ሌንስ ቁጥሩን የሚናገር መሆኑ ነው። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተሠሩት በአብዛኞቹ ላይ የተራ ቁጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተሠራበትን ዓመት ያመለክታሉ። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት ዩፒተር 12 ቁጥሩ በ58 ይጀምራልና የ1958 ሥራ ነው። ከፊቱ የምትታየው ፔ የምትባለው የሩስያ ፊደል ደግሞ ገጹ በስማኩላ ዓይነት ሽፋን የተቀባ መሆኑን ታስረዳለች። በብራና መጽሐፍ መጨረሻ የጸሐፊውን ስምና ዘመን የሚፈልግ ሰው ይህን ደስታ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። ዩፒተር በሁለት ዓይነት መቀመጫ ተሠርቷል፤ አንደኛው ለኪየቭ የሚሆነው የኮንታክስ መቀመጫ፥ ሁለተኛው 39 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የላይካ ጥርስ ነው። ሁለተኛው የተፈለገው ፌድና ዞርኪ የተባሉት የሶቪየት ካሜራዎች የላይካን መልክ የያዙ ስለነበሩ ነው። በካርኮቭ በ1934 የተጀመረው ፌድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጋራ ልክ እንኳ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ሌንስ ከራሱ ካሜራ ጋር ብቻ እንዲስማማ በእጅ እየተስተካከለ ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለውን ሌንስ ከካሜራው ለይቶ መሸጥ ቁልፍን ያለ በሩ እንደ መሸጥ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ልኩ ተወስኖ ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት እንደ ላይካው 28.8 ሚሊሜትር ሆነ። ስለዚህ በምዕራብ አውሮፓ የሚኖር ፎቶግራፍ አንሺ ዩፒተርን በጥቂት ገንዘብ ገዝቶ በላይካው ላይ ይጠመዝዘዋል፤ ጥርሱ በደንብ ይገባል፤ ፎቶግራፉ ግን ይደበዝዛል። ሰውዬውም ሌንሱ መጥፎ ነው ብሎ ይፈርዳል።

ምክንያቱ በጥርሱ ሳይሆን በርቀት መለኪያው ነው። በእነዚህ ካሜራዎች ፎቶግራፍ አንሺው በሌንሱ ውስጥ አያይም፤ በጎን ባለው ርቀት መለኪያ ሁለት ምስሎችን አጋጥሞ ርቀቱን ይወስዳል። ርቀት መለኪያው ደግሞ ሌንሱ ምን ያህል ወደ ፊት እንደ ወጣ በአንዲት ዘንግ አማካይነት ይሰማል። አንድ ሌንስ ቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ ለማሳየት ከፊልሙ መራቅ አለበት፤ የሚርቅበት መጠንም በትኩረት ርዝመቱ ይወሰናል። ላይካ የመደበኛ ሌንሱን የትኩረት ርዝመት 51.6 ሚሊሜትር ብሎ ርቀት መለኪያውን በዚያው ልክ ሠርቶታል። የኮንታክስ ልክ ግን ወደ 52.4 ይጠጋል፤ ዩፒተርም በላይካ ጥርስ ሲሠራ ይህንኑ የአባቱን ልክ ይዞ ቀረ።

ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ስለሆነ የሚናቅ ይመስላል። እስቲ እናስላው። አንድ ሜትር ላይ ላለ ነገር ባለ 51.6ቱ ሌንስ 2.81 ሚሊሜትር፥ ባለ 52.4ቱ ግን 2.90 ሚሊሜትር ወደ ፊት መውጣት ይኖርበታል። በላይካ ላይ የተቀመጠው ዩፒተር ርቀት መለኪያው «ደርሷል» ባለው ጊዜ 0.09 ሚሊሜትር ይጎድለዋል። መክፈቻው 1.5 ሲሆን ይህ ጉድለት አንዲቱን ነጥብ ስፋቱ 0.06 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ያደርጋታል። በዚህ የፊልም መጠን እንደ ጥርት ነጥብ የሚቆጠረው እስከ 0.03 ድረስ ነው። ጥርት የሚለው ስፍራ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ዓይን ተነጣጥሮ ዓይኑ ደብዝዞ ጆሮው ይጠራል። ያው ሌንስ በራሱ ርቀት መለኪያ ቢታይ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

በጃፓን አገርም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የኒፖን ኮጋኩ መሐንዲሶች ለኒኮን ካሜራቸው የኮንታክስን መቀመጫ ሲከተሉ ርቀት መለኪያውን ግን በላይካ ልክ ሠሩት፤ ስለዚህ የኮንታክስና የኒኮን ሌንሶች አንዱ በሌላው ላይ እየገቡ ልክ አይስማሙም። ሆኖም የጃፓን ሌንስ በ1950 የላይፍ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ዳንከን በራሱ ካሜራ ላይ ሞክሮ ካመሰገነው ወዲህ ዝናው በዓለም ተሰማ፤ ያ ሌንስም በመሠረቱ የሶናር ዘር ነበር። ከአንድ አባት የተወለዱት ሁለት ልጆች አንደኛው ሲከበር ሁለተኛው ተነቀፈ።

ጥፋቱ ሁሉ የልኩ ነው ማለቴ አይደለም። የሶቪየት ፋብሪካዎች ቁጥር ለማብዛት ይጣደፉ ስለነበር አንዱ ሌንስ ከሌላው አይመሳሰልም። ከሌንሱ ሥር ርቀቱን የሚያስተካክል ስስ ቀለበት አለ፤ በኋላ ዘመን ሌንሱን የፈታው ሰው ይህን ቀለበት ጥሎት ወይም የሌላውን ተክቶበት ይገኛል። ቅባቱም ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይሆናል። እነዚህ እውነተኛ ነውሮች ናቸው፤ ነገር ግን ከስሌቱ የመጡ አይደሉም።

ሌንሶቹን ከነቀፌታ ይልቅ የገደላቸው ግን መስተዋት ነው። ፎቶግራፍ አንሺው በራሱ በሌንሱ ውስጥ እንዲያይ ከፊልሙ ፊት አንድ መስተዋት ሰያፍ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ፎቶግራፉ በሚነሣበት ቅጽበት ወደ ላይ ይነሣል። በድሬስደን በ1936 ኤክዛክታ፥ በ1949 ኮንታክስ ኤስ፥ በጃፓን በ1959 ኒኮን ኤፍ ይህን አካሄድ ተከተሉ። መስተዋቱ የሚንቀሳቀስበት ስፍራ ስለሚፈልግ ከመቀመጫው እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት በኒኮን ኤፍ 46.5 ሚሊሜትር፥ 42 ሚሊሜትር ጥርስ ባላቸው ካሜራዎች 45.46 ሆነ። የሶናርና የቢዮጎን የኋላ ብርጭቆ ያረፈበት ቦታ እንግዲህ በመስተዋት ተያዘ። ለሰፊ ሌንስ የፈረንሳዩ አንጄንዩ በ1950 ሬትሮፎከስ የተባለውን ከፊልም ርቆ የሚቀመጥ ስሌት አወጣ፤ ለመደበኛው ሌንስ ደግሞ ገጸ ብዙው የቢዮታር ዘር በስማኩላ ሽፋን ታግዞ ሶናርን ተካው። እርግጥ ነው፥ ሽፋኑ ከተገኘ ወዲህ ማጣበቁ ያን ያህል አያስፈልግም ነበር።

በሶቪየት ኅብረት ይህ ለውጥ አንድ እንግዳ ነገር አስከተለ። በክራስኖጎርስክ የዞርኪ ካሜራ መስተዋት ገብቶበት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዜኒት ሆነ፤ የሌንሱ ጥርስ ያው 39 ሚሊሜትር ሲቀር ርቀቱ ግን ከ28.8 ወደ 45.2 ሄደ። ስለዚህ የዞርኪ ሌንስ በዜኒት ላይ ያለ ችግር ይጠመዘዛል፤ ሩቁን ነገር ግን ፈጽሞ ማጥራት አይችልም። ሁለት ልዩ ዕቃዎች አንድ ዓይነት ጥርስ ለብሰው መገኘታቸው እስከ ዛሬ ድረስ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ስንቱን ሲያሳስት ይኖራል።

ዛይስ ኢኮን ኮንታክስን በ1961 ተወ። ኪየቭ ግን እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ይሠራ ነበር፤ በአባቱ አገር የሞተው ካሜራ በስደት አገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረ ማለት ነው። ዩፒተር 12ም በሊትካሪኖ ፋብሪካ እስከ 1980ዎቹ ተሠርቷል። ከዚያ በኋላ በየመሳቢያው ገባ።

መስተዋቱ የወጣው በ2008 ነው። በዚያ ዓመት ፓናሶኒክ ጂ 1 የተባለውን ካሜራ አወጣ፤ በፊልም ፈንታ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ራሱ ምስሉን በትንሽ መስኮት ላይ ስለሚያሳይ መስተዋት አላስፈለገውም። በ2010 ሶኒ ኔክስ የተባሉትን፥ በ2013 ደግሞ ሴንሰሩ እንደ አሮጌው ፊልም 36 በ24 ሚሊሜትር የሆነውን ኤ 7 አቀረበ። በሶኒ መቀመጫ ርቀቱ 18 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የላይካ ጥርስ 28.8 ስለሚፈልግ በመካከሉ 10.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቀለበት ማስገባት ይበቃል። ባለ 46.5ቱም ባለ 45.2ቱም እንዲሁ በየልካቸው ቀለበት ያገኛሉ። በዚህ ረገድ ይህ ካሜራ ለሌንስ ሁሉ እንደ እንግዳ ማረፊያ ቤት ሆነ።

ከዚህም የሚበልጠው ርቀት መለኪያው አብሮ መሰናበቱ ነው። ጥራቱ የሚታየው ምስሉ በሚያርፍበት በራሱ በሴንሰሩ ላይ ስለሆነ 51.6 ይሁን 52.4 ልዩነት የለውም። በላይካ ላይ ስንፍና የታየበት ዩፒተር 3 በመስተዋት አልባ ካሜራ ላይ በአሥር እጥፍ አጉልተው ሲያነጣጥሩበት ከምስሉ መካከል የዓይን ሽፋሽፍትን አንድ በአንድ ይቆጥራል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል፤ የሶናር ዘር መክፈቻው ሲጠብ ጥርት ያለው ስፍራ በጥቂቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ማነጣጠር የሚገባው ፎቶግራፉ በሚነሣበት መክፈቻ ነው እንጂ ከፍቶ አነጣጥሮ ከዚያ ማጥበብ አይገባም። ዩፒተር 12ን የሚጠመዝዝ ሰውም የኋላው ብርጭቆ ከካሜራው የውስጥ ግድግዳ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ በማስመሪያ ይለካ።

ይሁን እንጂ አዲሱ ቤት የራሱን ነውር ይዞ መጥቷል። ፊልም ከየትኛውም አቅጣጫ የመጣን ብርሃን ይቀበላል። ሴንሰር ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጉድጓዶች እንዳሉት እርሻ ነው፤ በጣም አግድሞ የመጣ ብርሃን ወደ ጎረቤቱ ጉድጓድ ይሻገራል። ከሴንሰሩ ፊት ደግሞ በብዙ ካሜራዎች ሁለት ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ብርጭቆ አለ፤ በርቴለ ሲያሰሉ ይህ ብርጭቆ አልነበረም። ወደ ፊልሙ እጅግ የተጠጋው ዩፒተር 12 ብርሃኑን ወደ ምስሉ ጠርዝ የሚልከው በጣም አጋድሞ ስለሆነ፥ ማእዘኖቹ ይዝረከረካሉ፤ ጠርዞቹም ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላሉ። በ2015 የወጣው ኤ 7 አር 2 የብርሃን መቀበያው ወደ ፊት ስለቀረበ ቀለሙን በእጅጉ አሻሽሎታል፤ ወፍራሙ ብርጭቆ ግን እዚያው ነው። እንግዲህ በ1950ዎቹ ሌንሱ በርቀት መለኪያው ኃጢአት እንደ ተከሰሰ፥ ዛሬ ደግሞ በሴንሰሩ ኃጢአት ይከሰሳል። «ዩፒተር 12 ጠርዙ መጥፎ ነው» የሚል ሰው ያንኑ ሌንስ በፊልም ላይ በዚያው መክፈቻ ሳይሞክር መናገሩ ነው።

ጥሬ ፋይል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ የሴንሰር ጉድጓድ የሚለካው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ በኮዳክ ኩባንያ ብራይስ ቤየር በ1976 የባለቤትነት መብት ባገኙበት ሥርዓት ግማሾቹ አረንጓዴ፥ ሩቦቹ ቀይ፥ ሩቦቹ ሰማያዊ ማጣሪያ አላቸው። ካሜራው ከዚህ የተሟላ ምስል አቀነባብሮ ጄፔግ አድርጎ ሲሰጥ ቀለሙን ወስኖ፥ ጥላውን አስተካክሎ፥ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ይጥለዋል። ጥሬው ፋይል ግን ልኬቱን እንደ ተለካ ያኖራል፤ በ14 ቢት ሲመዘገብ 16,384 ደረጃ አለው። ዴቭ ኮፊን በ1997 የጀመሩት ዲሲሮው የተባለ ፕሮግራም የየኩባንያውን ምስጢራዊ አጻጻፍ ፈትቶ ለሁሉ በነጻ ሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ የማቀነባበሪያ ሶፍትዌሮች ከእርሱ ቀድተዋል። አዶቤም በ2004 ዲኤንጂ የተባለውን የጋራ አጻጻፍ አወጣ። ሮውቴራፒና ዳርክቴብል የተባሉት ዛሬም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

በዚህ ላይ አንድ የማይታይ ነገር አለ። ከ2008 ገደማ ጀምሮ አንዳንድ ኩባንያዎች የአዲሱን ሌንስ መጉበጥ የሚያቀናውን ትእዛዝ በራሱ በጥሬው ፋይል ውስጥ ይጽፉታል፤ ሶፍትዌሩም ባለቤቱን ሳይጠይቅ ይፈጽመዋል። ስለዚህ አዲስ ሌንስ ያለ ነውር የሚታየው ነውሩ ከመታየቱ በፊት ስለሚታረም ነው። አሮጌው ሌንስ የኤሌክትሪክ ግንኙነት ስለሌለው ለካሜራው ስሙንም መክፈቻውንም አይነግረውም፤ ማንም አያርምለትም። አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ታርሞ የታተመን መጽሐፍ ካልታረመ ብራና ጋር አወዳድሮ ጸሐፊውን መንቀፍ ነው።

ይህ ምሳሌ ከጨዋታ ያለፈ ጥቅም አለው። ብራና የሚያሳትም ሊቅ የጸሐፊውን ግድፈት፥ ርጥበት ያጠፋውን ፊደልና የኋላ ዘመን ሰው የፋቀውን ለየብቻ ያያል፤ የሁሉም ምክንያት ልዩ ነውና። በጥሬ ፋይልም እንዲሁ ሊደረግ ይገባል። መሣሪያውም አለ። በዚያው ሌንስ፥ በዚያው መክፈቻ አንድ ወጥ ነጭ ገጽ ይነሣል፤ ከዚያ ዋናው ምስል በዚህ ነጭ ምስል ይካፈላል። ይህ ዘዴ ቀድሞ የከዋክብት ተመራማሪዎች የሚሠሩበት ሲሆን አሁን በብዙ ሶፍትዌር ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን በጅምላ ሲሠራበት ሁለት ነገር አንድ ላይ ያጠፋል፤ አንደኛው ከሴንሰሩ የመጣው የጠርዝ ቀለም፥ ሁለተኛው የሌንሱ የራሱ የሆነው የብርሃን መቀነስ ነው። ባለ 35 ሚሊሜትር ቢዮጎን መሰል ሌንስ በጂኦሜትሪው ብቻ በማእዘኑ ላይ የሚያሳርፈው ብርሃን ከመካከሉ ግማሽ ያህል ነው። ይህ የበርቴለ ሥራ እንጂ የሶኒ አይደለም።

ስለዚህ ሌንሱን የሚመረምር ሰው ነጩን ምስል ሙሉ በሙሉ ከማካፈል ይልቅ ቀዩና ሰማያዊው ከአረንጓዴው ጋር ያላቸውን መጠን ብቻ እንዲያስተካክል ያድርገው። ያን ጊዜ የተጨመረው ቀለም ይነሣል፤ የሌንሱ ጥላ ይቀራል። ከጥላውም ጥቂቱ የሴንሰሩ ድርሻ ስለሆነ መለየቱ ፍጹም አይሆንም፤ ቢሆንም ከጅምላው ይሻላል። ሐተታው የተጻፈበትን የብራና ገጽ ለመቅዳት የሚያነሣ ሰው ግን ሁለቱንም ቢያነሣ ማንም አይወቅሰው፤ ለእርሱ ጥላው ፊደል የሚሰውር ብቻ ነው። በሁለቱም ጊዜ ጥሬው ፋይል ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ ሌንሱ ስሙን ስለማይናገርም ስሙ፥ ቁጥሩ፥ መክፈቻውና ቀለበቱ በማስታወሻ ደብተር ይጻፉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምስሉን የሚያይ ሰው የፋይሉን ጽሑፍ ከፍቶ የሌንሱን ቦታ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

የተነቀፉት ዩፒተሮች ዋጋቸው መስተዋት አልባው ካሜራ ከተስፋፋ ወዲህ ከቀድሞው እጅግ ጨምሯል። በ2016 ደግሞ ሎሞግራፊ የተባለው ኩባንያ ዩፒተር 3ን በሩስያ አገር በዜኒት ፋብሪካ እንደገና አሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ብርጭቆው በበርቴለ አቀማመጥ በሦስት ቡድን የተጣበቀ ነው፤ ጥርሱም ያው 39 ሚሊሜትር ነው፤ ርቀቱ ግን በዚህ ጊዜ ከላይካ ርቀት መለኪያ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ተሠራ።